ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ይራቁልኝ

እኔ የምለው፣ ለዘንድሮ ልጅ እግር የተሰጠው ለምንድን ነው? ዘመድ አይጠይቅበት፣ ዳገት አይወጣበት። ወፍ ላንሳ ብሎ ካሜራ ይይዛል፤ ወፏ ጋ ግን አይሄድም። ወፏን ካረፈችበት ጎትቶ የሚያመጣለት መስታወት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ይከርማል። ለመስታወቱ የዞረውን ያህል ወደ ወፏ ቢራመድ ኖሮ እስካሁን ጎጆዋ ደርሶ፣ ቡና ተፈልቶለት፣ ሦስተኛውን ጠጥቶ በተመለሰ ነበር።

መስታወቱን ቴሌኮንቨርተር ይሉታል። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በካሜራውና በሌንሱ መሐል ይገባል፤ ሌላው ከሌንሱ ፊት ይጠመዘዛል። እኔን ያማረረኝ ፊት የሚጠመዘዘው ነው። ከኋላ የሚገባው ቢያንስ አደብ አለው፤ ተደብቆ ይሠራል። ይኼኛው ግን ከባለቤቱ ቀድሞ በር ይገባል፣ ከባለቤቱ ቀድሞ ሰው ይገፋል፣ ታክሲ ውስጥም የጎረቤትን ጎን ይጎሽማል።

ይህን የምለው ሥራውን ሳላውቅ እንዳይመስላችሁ። ፎቶ ቤት ከፍቼ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝ። የሠራሁበት ካሜራ የሩሲያው ዜኒት፣ ሌንሱ ሄሊዮስ፣ 58 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩ (የብርሃን ቀዳዳው ማለቴ ነው) 2። ዙም የሚባል ነገር አልነበረውም። ቀረብ ካልኩ ቀረበ፣ ራቅ ካልኩ ራቀ፤ አለቀ። ሙሽራ ስትስቅ ለማንሳት ማሳቅ ነበረብኝ፤ ለማሳቅ መጠጋት፣ ለመጠጋት ደግሞ ከፊት የተኮለኮለውን ዘመድ አዝማድ በሙሉ እየሳምኩ ማለፍ። ጉንጬ እስኪላጥ ስሜ ነው ፎቶ ያነሳሁት። የዛሬው ፎቶ አንሺ ከድንኳኑ ጥግ ቆሞ አፌን ከፍቼ ስጎርስ ያነሳኛል። «ተው አንተ ልጅ!» ብዬ ብጮህ እንኳ ድምፄ አይደርሰውም፤ የእኔ ጥርስ ግን እሱ ጋ ደርሷል።

ነገሩ እኔ ቤት የገባው በእህቴ ልጅ በኩል ነው። ከቨርጂኒያ ለእረፍት ሲመጣ ከሻንጣው ጫማ ወይም ሸሚዝ ይወጣል ብለን ከበን ስንጠብቅ፣ በካልሲ የተጠቀለለ ካሜራ አወጣ። «ጋሼ፣ አሮጌ ዲጂታል አሁን ፋሽን ሆኗል» አለኝ። አሮጌ ያለው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን የፓናሶኒክ ኤፍዜድ50 ነው። ወገኖቼ፣ የ2006 ዕቃ አሮጌ ከተባለ እኔ ምን ልባል ነው? ጃኬቴ እንኳ ከሱ ይበልጣል።

ካሜራው ክፉ ካሜራ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ጨዋ ነው። ዙሙ 12 እጥፍ ነው፤ በፊልም ካሜራ ሚዛን ከ35 እስከ 420 ሚሊሜትር ይደርሳል። ዙም ሲደረግ አፉን አያሾልም፤ መስታወቶቹ የሚንቀሳቀሱት ውስጥ ለውስጥ ነው። ጫፉ ላይ 55 ሚሊሜትር ጥርስ አለው፤ ጭማሪው መስታወት የሚጠመዘዘው በዚያ ላይ ነው። የልጁ ጭማሪ 1.7 እጥፍ የሚባለው ነው። 420 በ1.7 ሲባዛ 714 ይሆናል። «714 ሚሊሜትር፣ ጋሼ! 714!» እያለ ምሳዬን አላስበላኝም። ለካሜራ ባለሙያ የሚሠራው ባለ 600 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩ 4 የሆነ ሌንስ ከ3 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ዋጋውን የሰማ ሰው ደግሞ ወንበር ይፈልጋል። «እኔ ግን ይኸው በእጄ!» ይለኛል። ያንን ሁሉ ርቀት የሰጠው ካሜራው ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ከፊልም እጅግ ያነሰ ስለሆነ ነው፤ ትንሽ ሰሌዳ ትንሽ ብርሃን ይሰበስባል። ይህን ስነግረው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰካ።

እንግዲህ ሂሳቡን ላስረዳችሁ። ከኋላ የሚገባው ቴሌኮንቨርተር ኮሚሽኑን ፊት ለፊት የሚናገር ደላላ ነው። 1.4 እጥፉ አንድ ስቶፕ፣ ማለትም የብርሃንህን ግማሽ ይቆርጣል፤ 4 የነበረው አፐርቸር 5.6 ይሆናል። 2 እጥፉ ሁለት ስቶፕ ይወስዳል፤ 4 የነበረው 8 ይሆናል። ይኼ ማለት ከነበረህ ብርሃን የደረሰህ ሩቡ ነው። ያማል፤ ግን ሂሳቡ ግልጽ ነው። ሌንሱ ከካሜራው የማይነቀል ከሆነ ደግሞ ከነአካቴው አይገባም፤ ደላላው በሩ ላይ ይቀራል።

የፊቱ «እኔ ኮሚሽን አልቀበልም» ብሎ የሚመጣው ነው። እውነትም ከብርሃንህ አይነካም። ፊቱ ላይ መሐሉ ወፍራም የሆነ ሰብሳቢ ሌንስ አለው፤ ከኋላው መሐሉ የሳሳ በታኝ ሌንስ። ከሩቅ ትይዩ ሆኖ የመጣ ጨረር ትይዩ ሆኖ ይወጣል፤ የሚሰፋው የሚገባበት ማዕዘን ብቻ ነው። የፊቱ መስታወት በቂ ስፋት እስካለው ድረስ የካሜራው አፐርቸር አይለወጥም፤ የኤፍዜድ50 ሌንስ ጫፍ ላይ ሲደርስ 3.7 ነው፣ ጭማሪው ቢኖርም 3.7 እንዳለ ይቆያል። ኦሊምፐስም፣ ኒኮንም፣ ሶኒም፣ ሬይኖክስም ይህን ዓይነት ሠርተዋል፤ 1.5 እጥፍ አለ፣ 2 እጥፍ አለ፣ ኒኮን 3 እጥፍም ሠርቷል።

ልጁ ይህን ሲያስረዳኝ ትናንት የተፈለሰፈ አስመስሎ ነው። የዛሬ 400 ዓመት የታወቀ ነገር ነው! ሀንስ ሊፐርሄይ የተባለ የኔዘርላንድ መነጽር ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1608 ለሩቅ ማሳያ መነጽር የፈጠራ መብት ይሰጠኝ ብሎ አመለከተ፤ ሌሎችም ያውቁታል ተብሎ ተከለከለ። በዓመቱ ጋሊሊዮ ያንኑ መነጽር አሻሽሎ ሠራ፤ በጥር 1610 ጁፒተርን የሚዞሩ አራት ጨረቃዎች አየበት። ጋሊሊዮ ጁፒተር ድረስ በእግሩ መሄድ አይችልም፤ ምክንያት ነበረው። የእህቴ ልጅ ግን ያንኑ የጋሊሊዮን መነጽር ካሜራው ላይ ጠምዝዞ የሚያየው ጎረቤታችን ቆርቆሮ ላይ የተኛችውን ድመት ነው። በሩን አንኳኩቶ ቢገባ ድመቷንም ያገኛል፣ ቁርስም ይቀርብለታል።

ኮሚሽን የለኝም ያለ ደላላ ከየት እንደሚበላ ደግሞ ስሙ።

መጀመሪያ የሚበላው ስፋትህን ነው። ጭማሪው ተጠምዝዞ ሳለ ዙሙን ወደ ሰፊው ከመለስከው፣ ፎቶው መሐሉ ላይ ክብ ብርሃን፣ ዙሪያው ድፍን ጥቁር ይሆናል። ካሜራው የጭማሪውን ቱቦ ውስጡን እያነሳ ነው። ጥቁሩ የሚጠፋው ዙሙን ወደ ጫፍ ስትወስደው ነው። ስለዚህ 12 እጥፍ ዙም ብለህ የገዛኸው ካሜራ ጫፍ ላይ ብቻ የሚሠራ ይሆናል። ዘመድ ተሰብስቦ «እስቲ አንድ ላይ አንሳን» ሲል ይፈታል፤ ወፍ ሲያይ ያስራል፤ ደግሞ ይፈታል። የተፈታው ደግሞ መሬት አይቀመጥም፣ ይጫጫራል። ማን ይያዘው? ጋሼ! ሁለቱንም ክዳን በአንድ ኪሴ፣ ጭማሪውን በሌላ ኪሴ አድርጌ በቤተሰቡ ፎቶ ላይ ጎኔ አብጦ ወጣሁ። ያየኝ ሁሉ «ጤናህ ደህና ነው ወይ?» ይለኛል።

ቀጥሎ የሚበላው ጥርስህን ነው፤ የሌንሱን ጥርስ ማለቴ ነው። 55 ሚሊሜትርና 58 ሚሊሜትር በዓይን ሲያዩዋቸው ወንድማማች ናቸው፤ ሲገጥሙ ግን አይተዋወቁም። አንድ ሱቅ፣ ስሙ ይቆየኝ፣ መሐል የሚገባውን ማስተካከያ ቀለበት አሳስቶ ሸጠለት። ልጁም በጉልበት አጣሞ አስገባው። ቀለበቱ ግማሽ ዙር ሄዶ ቆመ፤ አይገባም፣ አይወጣም። ፎቶ ቤቴን ስዘጋ የጣልኩት መስሎኝ የነበረውን የጎማ መያዣ ከሳጥን ሥር አውጥቼ እስካላቅቀው ድረስ፣ ባለቤቴ በአንድ በኩል ካሜራውን ይዛ፣ እሱ በሌላው በኩል ጭማሪውን ይዞ፣ ሳሎን ውስጥ ጉተታ ሆነ። ይህም የሆነው ሌንሱ ባለበት በሚረጋ ካሜራ ላይ ነው። ሌንሷ ገባ ወጣ በምትል ትንሽ ካሜራ ላይ ብትጠመዝዘው ሞተሩ እየቃተተ ይቆማል። ለእንዲህ ያለችው የጭማሪውን ክብደት ሰውነቷ ላይ የሚያሳርፍ ቱቦ ለብቻው መግዛት ግድ ነው። ጭማሪ ለጭማሪው ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሦስተኛው ነው። ሩቁን ለማቅረብ የተገዛ ዕቃ ቅርቡን ያባርራል። ሂሳቡ ጭካኔ አለበት፦ ካሜራው ከምን ያህል ርቀት ጀምሮ ፎከስ እንደሚይዝ ታውቃለህ፤ ያንን በጭማሪው እጥፍ አባዛና የወጣውን መልሰህ በዚያው አባዛው። 1.7 በ1.7 ወደ 2.9 ይጠጋል። ከ2 ሜትር ጀምሮ የሚይዝ ካሜራ 6 ሜትር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አይይዝም። ባለ 2 እጥፉ 8 ሜትር፣ ባለ 3 እጥፉ 18 ሜትር ይጠይቃል። 18 ሜትር! የእኔ ቤት ከበር እስከ ጓሮ ይህን አይሞላም።

ይህን የተማርኩት በወገቤ ነው። የዘመዳችን ልጅ መልስ ላይ ድንኳኑ ሞልቷል፤ ልጁ ካሜራውን ደቅኖ «ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ይራቁልኝ» አለ። ራቅኩ። «ትንሽ ደግሞ።» ራቅኩ። እሱም በበኩሉ ወደ ኋላ ይሸሻል። እኔ ከዘመድ፣ እሱ ከሙዚቃው ሳጥን ጋር እየተጋጨን እንለያያለን። የኋላ ኋላ ድንኳኑ አለቀና ከወጥ መሥሪያው ሥፍራ ደረስኩ። ጭልፋ የያዘችው ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አባባ፣ ሰልፉ በወዲያ በኩል ነው፤ ሽማግሌ ብትሆኑም ተራ ነው» አለች። ፎቶው ሲታይ እኔ በእንፋሎት ውስጥ ቆሜ ስለፈልፍ ይታያል። ፎከስ የያዘው ድስቱን ነው።

ቁራውም እንዲሁ ሠራው። ወፍራም መንቁሩን፣ ማጅራቱ ላይ ያለችውን ነጭ ምልክት ታውቋታላችሁ፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማይገኝ ቁራ ነው፤ ፈረንጅ እሱን ብሎ አገር አቋርጦ ይመጣል። እኛ ጋ አጥንት ብሎ አጥሩ ላይ ይመጣል። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ሳለን መጥቶ ቁጭ አለ። ልጁ ካሜራውን አነሳ፤ ሌንሱ ዝዝ አለ፣ መለሰ፣ ደግሞ ዝዝ አለ። ቁራው ካጠገቡ ነው፤ ለጭማሪው ግን በጣም ቀርቧል። ልጁ እየተንሸራተተ ወደ ሳሎን ገባ፣ ከሳሎን ወደ ኮሪደሩ፣ ከዚያ ግድግዳ ያዘው። ቁራው አንገቱን አዘንብሎ ይህን ትርዒት በጥሞና ተመለከተ፣ አጥንቱን አነሳ፣ ሄደ። የዚያን ቀን ፎከስ የያዘ ቢኖር ቁራው ብቻ ነው።

አራተኛ፣ እጅህን ይበላል። በሩቅ ሌንስ ስታነሳ ሹተሩ ቢያንስ ከሌንሱ ሚሊሜትር ጋር ይመጣጠን የሚለው የጥንት ደንብ ነው፤ ለ58 ሚሊሜትር ስድሳኛ ሰከንድ ይበቃኝ ነበር። 714 ላይ ግን ስምንት መቶኛ ሰከንድ ገደማ ይጠይቃል። ካሜራው መንቀጥቀጥ የሚከላከል ነገር አለው ይሉኛል፤ አዎ አለው፣ ያውም ሜኑው ውስጥ ገብተህ «ጭማሪ ሌንስ ተገጥሟል» ካላልከው ፊቱ ላይ የተሸከመውን አያውቅም። ስለዚህ ትራይፖድ ይመጣል። ትራይፖዱን ማን ይሸከም? ከላይ መልሼላችኋለሁ።

ተሸክሜ ገፈርሳ ግድብ ሄድን። ልጁ የፈለገው ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የሌለችውን፣ ክንፏ ላይ ሰማያዊ ያለባትን ዝይ ነው። አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ ጀርባዋ ላይ ታሳርፋለች፤ ሳያት ደስ ትለኛለች፣ አኳኋኗ የጡረተኛ ነው። ከዳር ሆኖ ደቀነ። ሰዓቱ ረፋድ አልፏል፤ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ይርገበገባል። ቴሌኮንቨርተር ዝይዋን ብቻ መርጦ አያቀርብም፤ በመሐል ያለውን አየርም አብሮ ያጎላዋል። ዝይዋ ፎቶው ላይ በውሃ ውስጥ የተነከረች መሰለች፤ የቆመችው ግን ሳር ላይ ነው። እሱ ሹተር ሲቀይር፣ እኔ የትራይፖዱን እግር ስይዝ፣ ከብት የሚጠብቅ አንድ ብላቴና ላሞቹን እየነዳ በዝይዎቹ አጠገብ አለፈ። ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። እንጨት በእጁ፣ ፉጨት በአፉ፣ ጭማሪ የለ፣ ሂሳብ የለ። «አየህ?» አልኩት። «ጋሼ፣ እሱ ፎቶ አላነሳም እኮ» አለኝ። መልስ ሲያጡ እንዲህ ይላሉ።

አምስተኛው ቀለም ነው። መስታወት ቀለማትን ሁሉ እኩል አያጥፋቸውም፤ ቀዩ በአንድ በኩል፣ ሰማያዊው በሌላ በኩል ሸርተት ይላል። በጥሩ መስታወት የተሠራው ጭማሪ ይህን ይቀንሳል፤ ርካሹ ይጨምረዋል። በነጭና በጥቁር ድንበር ላይ፣ በተለይ ወደ ፎቶው ዳር፣ ሐምራዊ ጭረት ይወጣል። አፐርቸሩን ጠበብ ብታደርገው ምስሉ ይጠራል፤ የዳሩ ቀለም ግን በኮምፒውተር ካልታጠበ አይለቅም። ባለቤቴን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አነሳት። የነጠላዋ ጥለት አረንጓዴ ነው፤ ራሷ መርጣ፣ ከሸማኔው ጋር ተከራክራ ያሠራችው። ፎቶው ላይ ከአረንጓዴው ጎን ሐምራዊ መስመር ተጨምሮ መጣ። «ይህን ማን ሸመነው?» አለች። ልጁ ስለ ጨረር መታጠፍ ማስረዳት ጀመረ። እሷ እስከ መጨረሻው አዳምጣ «እንግዲያው ሸማኔው ከካሜራህ ይሻላል» አለችው።

አሁን ደግሞ ስልኩም ጀምሮታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ቪቮ ኤክስ200 አልትራ ከሚባለው ስልኩ ጋር 2.35 እጥፍ የሆነ፣ የዛይስ ስም ያለበት ጭማሪ አወጣ፤ የስልኩን 85 ሚሊሜትር 200 ያደርሰዋል። ስልክ በኪስ እንዲገባ ተብሎ 20 ዓመት ሲያሳሱት ከርመው፣ አሁን ፊቱ ላይ ቱቦ ይተክሉበታል። ከእነዚህ የስልክ ጭማሪዎች መካከል በጋሊሊዮ ሳይሆን በኬፕለር መንገድ የተሠሩ አሉ። የኬፕለር መነጽር ፊትም ኋላም ሰብሳቢ ሌንስ ነው፤ ምስሉን ገልብጦ ነው የሚያሳየው። ስልኩ በራሱ ብልሃት መልሶ ያቀናዋል። ለስልኩ ካልነገርከው ግን ሰው በራሱ ተዘቅዝቆ ይሄዳል። እኔ እንኳ የዚህን ዘመን ሰው ተዘቅዝቆ ባየው ብዙ አልደነግጥም።

«ታዲያ ፎቶውን ቆርጠህ አታሰፋውም?» አልኩት ልጁን። ለዚህ እንኳ መልስ ነበረው። ካሜራው 10 ሚሊዮን ነጥብ አለው፤ በኮምፒውተር 1.7 እጥፍ ቆርጠህ ስታቀርበው የሚተርፍህ 3.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። ጭማሪው ግን 10ሩንም ሚሊዮን ሩቁ ላይ ያሳርፋል። ልክ ነው። መስታወቱ ደካማ ከሆነ ደግሞ 10 ሚሊዮን ብዥታ ያሳርፋል፤ ያኔ ቆርጦ ማስፋቱ ይሻላል፣ ክብደትም የለውም።

ፍትሕ ላለማጉደል አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ሊባኖስ ወስዶኝ ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ሳለ ያ አጥንት ከሰማይ ጥሎ ድንጋይ ላይ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ ከሥራችን ተነስቶ ወጣ። ጠዋት ነው፣ አየሩ ጥርት ብሏል። ልጁ አነሳው። ከመንቁሩ ሥር የተንጠለጠለችው ጥቁር ጺሙ አንድ በአንድ ትቆጠራለች። አሞራው መሐል ላይ ስለነበር ሐምራዊም አልነካው። ወደዚያ አሞራ በእግሩ የሚጠጋ ሰው ቢኖር ተዝካሩን ነው የምንበላው። እዚያ ላይ አፌን ዘጋሁ፤ ምርቃት ግን አልወጣኝም፣ ምክንያቱም ትራይፖዱ አሁንም ትከሻዬ ላይ ነበር።

እንግዲህ እኔ ቤት የሚሠራው ሕግ ይኸውና። እግር የሚደርስበትን እግር ይድረስበት፤ ገደል፣ ውሃና ሰማይ ተፈቅዷል። ድንኳን፣ ሳሎንና የቡና ረከቦት ባለበት ሁሉ ጭማሪው ክዳኑ ተከድኖ ይቀመጣል። ትራይፖድ የሚሸከመው ባለ ትራይፖዱ ነው። የባለቤቴ ነጠላ አይነሳም፤ ይህ የእሷ ሕግ ነው፣ ይግባኝ የለውም። የተነሳውም ፎቶ ታትሞ በወረቀት ይምጣ። በስልክ የሚያሳየኝን አላይም። «ጋሼ፣ እንግዲያው የሚያቀርብ መነጽር ይግዙ» ብሎኛል። ከዓይኔ ፊት አንድ መስታወት አለ፤ በሱ ላይ ሌላ ብደርብ ከስንት ሜትር ጀምሮ ሰው እንደሚታየኝ ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ አልገዛም።